ለምታድግ ትንሽ ከተማ የ20 ዓመት የውሃ ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

በብዙ ትናንሽ ከተሞቻችን የውሃ ነገር በበጋ የሚነሳና በክረምት የሚረሳ ጉዳይ ነው። መጋቢት ላይ ፈረቃው ከሦስት ቀን ወደ ስምንት ቀን ሲረዝም ስብሰባ ይጠራል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ለክልሉ ውሃ ቢሮ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሲቀና ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና ሪባን ይቆረጣል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ወሬው ይበርዳል። አዲሱ ጉድጓድ አንድ ሁለት ዓመት ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ከተማዋ ትደርስበትና ያው ስብሰባ እንደገና ይጠራል።

ይህ መመሪያ ለከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለውሃ ቦርድ አባላትና ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ዝርዝር ጥናቱን አማካሪ ድርጅት ሊሠራው ይችላል። ሆኖም አማካሪው ምን እንዲያጠና የሚነግረው፣ ያመጣውን ሰነድ የሚፈትሸው፣ ከሄደም በኋላ ከውጤቱ ጋር የሚኖረው የከተማው አገልግሎት ነው። ስሌቱን በእጃችሁ አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ካላያችሁት የሌላ ሰው ቁጥር ተሸካሚ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

ለስሌት እንዲመቸን አንዲት ከተማ በምሳሌነት እንያዝ። ወይና ደጋ ላይ ያለች፣ 45,000 ሕዝብ የሚኖርባት፣ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 25 ሊትር የሚሰጡ ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች ያሏት ከተማ ትሁን።

1. ሕዝቡን ቁጠሩ፣ ግን በአንድ አሃዝ አትታሰሩ

የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየሪፖርቱ የሚጠቀሰው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ከቆጠራው በኋላ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባትን፣ ፋብሪካ የተተከለባትን ወይም ተፈናቃዮች የተጠለሉባትን ከተማ ደግሞ ትንበያ በቀላሉ አያገኛትም። ስለዚህ ቁጥሩን ከሌላ አቅጣጫ አመሳክሩ። የመብራት ደንበኞች ብዛት፣ በየዓመቱ አንደኛ ክፍል የሚመዘገቡ ሕፃናት ቁጥር፣ ከሳተላይት ምስል ላይ የተቆጠሩ ጣሪያዎች፣ ከእነርሱም ጋር በጥቂት ቀበሌዎች በናሙና የተጠና የቤተሰብ ብዛት ጥሩ ማመሳከሪያዎች ናቸው። በግቢ ውስጥ የሚኖሩ ተማሪዎችንና በካምፕ ያሉ ሰዎችን ለብቻ መዝግቡ። የከተማዋ ወሰን ሲሰፋ የሚጠቃለሉትን የገጠር ቀበሌዎችም አትርሱ፤ አንድ የካቢኔ ውሳኔ የውሃ ተጠቃሚውን ቁጥር በአንድ ሌሊት በሺዎች ሊጨምር ይችላል።

ከዚያ ሦስት የዕድገት መጠኖች ውሰዱ። የምሳሌ ከተማችን በዓመት 3 በመቶ ብታድግ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 81,000፣ 4.5 በመቶ ብታድግ ወደ 108,000፣ 6 በመቶ ብታድግ ወደ 144,000 ሕዝብ ይኖራታል። ልዩነቱ ሲታይ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ነገር ግን ሦስቱም ሥራ አላቸው። ግንባታውን በመካከለኛው ቁጥር ንደፉ። በከፍተኛው ቁጥር ለወደፊት የሚያስፈልገውን መሬትና የውሃ ምንጭ አስከብሩ። ዝቅተኛው ደግሞ የግንባታው ሁለተኛ ምዕራፍ ሊዘገይ የሚችለው እስከ መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል።

2. የውሃ ፍላጎቱን አስሉ

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የወጣው የከተሞች መለኪያ ዛሬም የስሌቶች መነሻ ነው። ከ20,000 ሕዝብ በታች ላላቸው ከተሞች ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ላላቸው 50፣ ከ50,000 እስከ 100,000 ላላቸው 60፣ ከ100,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ላላቸው 80፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 100 ሊትር ይላል።

ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ስታድግ ሰዎቿ ብቻ አይበዙም፤ ደረጃዋም ስለሚለወጥ እያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ሊትር ይጨምራል። በቦኖ ይቀዳ የነበረው ቤተሰብ ቧንቧ ያስገባል፤ ቧንቧ ያስገባው ሻወርና በውሃ የሚሠራ መጸዳጃ ቤት ይሠራል። የምሳሌ ከተማችን ዛሬ 45,000 በ50 ሊትር ሲባዛ በቀን 2,250 ሜትር ኩብ ለመኖሪያ ቤቶች ያስፈልጋታል። በመካከለኛው ዕድገት ከ20 ዓመት በኋላ 108,500 ሕዝብ በ80 ሊትር ሲባዛ 8,680 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሕዝቡ በሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ ሳይጨምር የውሃ ፍላጎቱ ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ይህ በዓመት ሲታይ 7 በመቶ ያህል ዕድገት ነው፤ ፍላጎቱ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህን 7 በመቶ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለሆቴልና ለአነስተኛ አምራቾች 25 በመቶ ጨምሩ፤ የምሳሌ ከተማችን የወደፊት ፍላጎት 10,850 ይሆናል። ከሚመረተው ውሃ 20 በመቶው በመንገድ እንደሚባክን ብንይዝ ምርቱ 13,560 ሜትር ኩብ መድረስ አለበት። በመጨረሻም ለከፍተኛው ቀን በ1.2 አባዙት። ከፍተኛው ቀን የትኛው እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ የፋሲካ ዋዜማ፣ ጥር ውስጥ ሠርግ የሚደራረብባቸው ቀናት፣ ወይም ግንቦት ውስጥ ያለ ደረቅ ሳምንት ነው። ውጤቱ በቀን 16,270 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ፓምፖች በቀን 18 ሰዓት ይሠራሉ ካልን በሰከንድ 250 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 25 ሊትር ጉድጓድ ከሆነ አሥር ጉድጓድ ማለት ነው። የዛሬው ፍላጎት በተመሳሳይ መንገድ ሲሰላ በሰከንድ 65 ሊትር ይመጣል።

ለቦርድ አባላት ስታስረዱ ሜትር ኩብን በጀሪካን ተርጉሙላቸው። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ውሃ በፈረቃ በሚሰጥባት ከተማ ያለፈውን ዓመት የቆጣሪ ንባብ እንደ ፍላጎት አትውሰዱት። ሰው የተጠቀመው የደረሰውን እንጂ የፈለገውን አይደለም። ውሃ ሳይቋረጥ የሚያገኝ አንድ ሰፈር ካለ የእርሱን ፍጆታ መርምሩ።

3. ያላችሁን ለኩ

አብዛኛው አገልግሎት ስንት ውሃ እንደሚያመርት በትክክል አያውቅም። «ጉድጓዱ 25 ሊትር ይሰጣል» የሚባለው ከቁፋሮው ቀን ሰነድ ላይ የተወሰደ ነው። በየጉድጓዱ አፍና በየማጠራቀሚያው መውጫ ላይ ዋና ቆጣሪ አስገቡ። ዋና ቆጣሪ ሳይኖር የሚጻፍ የብክነት መቶኛ ግምት ነው፣ ያውም ለአለቃ ደስ እንዲል የተቀነሰ።

ከዚያ የጉድጓዱን የውሃ ከፍታ ለኩ። ከፓምፑ ቧንቧ ጎን የምትወርድ ቀጭን የመለኪያ ቱቦ መኖር አለባት፤ ከሌለች ፓምፑ ለጥገና በሚወጣበት ቀን አስገቧት። መለኪያው በሜትር የተመለከተ ገመድ ነው፤ ጫፉ ውሃውን ሲነካ ይጮኻል፣ ገመዱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ መጻፍ ነው። ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት፣ ከዚያም ለአራት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውንና በዚያ ሰዓት የሚወጣውን ሊትር በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩ። ይህን በየወሩ ሦስት ዓመት የያዘ አገልግሎት ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጥናት የማይሰጠው ዕውቀት በእጁ አለ። የቆመው ውሃ ከፍታ ከዓመት ዓመት በአንድ ወር ላይ ሲነጻጸር እየወረደ ከሄደ፣ ከምድር የምታወጡት ዝናብ ከሚመልሰው በላይ ነው። የቆመው ውሃ ባለበት ሆኖ ፓምፕ ሲሠራ የሚወርደው እየበዛ ከሄደ ደግሞ ችግሩ ጉድጓዱ ራሱ ነው፤ ምናልባት ማጣሪያ ወንፊቱ ተደፍኗል፣ ማጽዳት ይበቃል። ሁለቱን ሳይለዩ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ መድፋት ነው።

ምንጭ ካላችሁ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለኩት። መስከረም ላይ የተለካ ምንጭ ሁሉ ከተማ የሚያጠጣ ይመስላል።

4. የሚባክነውን አስመልሱ

በከተሞቻችን ከሚመረተው ውሃ ከ30 እስከ 40 በመቶው ገቢ ሳያስገኝ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የምሳሌ ከተማችን ብክነት 35 በመቶ ቢሆን ዛሬ የሚያስፈልጋት በሰከንድ 80 ሊትር ነው፤ ሦስቱ ጉድጓዶቿ ደግሞ 75 ብቻ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ፈረቃ ውስጥ ናት። ብክነቱን ወደ 20 በመቶ ብታወርድ ፍላጎቷ 65 ይሆንና ፈረቃው ይቀራል። የተገኘው 15 ሊትር ከግማሽ ጉድጓድ በላይ ነው። ያለ ቁፋሮ፣ ያለ ተጨማሪ የመብራት ወጪ የተገኘ ውሃ።

እንዴት ይገኛል? ማጠራቀሚያውን በመለካት ጀምሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን መስመር ዝጉና ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ። ወለሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ማጠራቀሚያ 6 ሴንቲ ሜትር መውረድ ማለት በሰዓት 6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 300 ጀሪካን ነው። ከተማው ተኝቶ ይህን ሁሉ የሚጠጣው ማን ነው? እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፈረቃ ባለበት ከተማ ሰው ሮቶውን የሚሞላው ሌሊት ነውና የወረደው ሁሉ ፍሳሽ አይደለም። ልኬቱን ውሃ በተከታታይ በደረሰበት ሰፈር፣ ሮቶዎች ከሞሉ በኋላ አድርጉት፤ ከዚያ ሰፈሩን በመዝጊያ ቫልቭ እየከፋፈላችሁ ደግማችሁ ለኩ። የሚያፈሰው ጎዳና ራሱን ያጋልጣል።

ሌላው ብክነት መሬት ውስጥ የለም። የቆመ ቆጣሪ፣ ያለ ቆጣሪ የተቀጠለ መስመር፣ የማይከፍል መሥሪያ ቤት፣ በግምት የሚሞላ ቢል። እነዚህን ለማረም መቆፈሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንባቢዎችን ከሰፈር ሰፈር ማዘዋወርና ቦርዱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን ውሃ ለመቁረጥ ድፍረት ማግኘቱ ነው። ደንበኞች «ቆጣሪው አየር ይቆጥራል» ሲሉ አታጣጥሏቸው። ባዶ የነበረ መስመር በድንገት ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪ ያሽከረክራል። ከዚህ የሚብሰው ግን መስመሩ ባዶ ሲሆን በየስንጥቁ የቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ መሳቡ ነው። ከፈረቃ መውጣት የጤና ጉዳይ ጭምር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የውሃ ምንጩን ምረጡ

ይህ የዕቅዱ ልብ ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ሊወስድ የሚገባው እዚህ ነው። ከተማዎች ከተማዎችን ቢጠይቁ ብዙ ስሕተት ይቀር ነበር።

ሐረርን እንይ። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ትጠጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁን ግን ሐረር ብቻዋን አልነበረም የምትቀዳው፤ በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በፓምፕ ይጠጣ ነበር፣ ሌሎች ከተሞችም ይቀዱ ነበር፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈርም ሐይቁን ይሞላ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም ከተማዋ ያንን መጠበቅ አልቻለችም፤ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ውሃ በረጅም መስመር አስመጣች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 700 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት፣ የፓምፑን ብክነት ጨምሮ፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የተንጠለጠለች ከተማ ምን እንደሚገጥማት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ግድብ ለመሥራት የሚያስቡ ደግሞ ጎንደር ሄደው አንገረብን ይዩ። የአንገረብ ግድብ ከላዩ ካለው ተዳፋት እርሻ በሚመጣ ደለል የመያዝ አቅሙን እያጣ ከተማዋን ለችግር ዳርጓል። ግድብ ሲታቀድ የተፋሰሱ ሥራ፣ ማለትም እርከኑ፣ የዛፍ ተከላውና ልቅ ግጦሽን ማስቀረቱ፣ ከግንባታው ቀድሞ መጀመር አለበት። በጀቱም በግድቡ ሰነድ ውስጥ ተካትቶ መገኘት አለበት፤ ለግብርና ጽሕፈት ቤት በቃል የተተወ ተፋሰስ ማንም አይሠራውም።

የከርሰ ምድር ውሃ ለአብዛኛው ትንሽ ከተማ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያ ስለማይጠይቅ ርካሽ ነው፣ ድርቅንም ከምንጭና ከወንዝ የተሻለ ይቋቋማል። ችግሩ የደጋው እሳተ ገሞራ ዓለት ውሃን የሚይዘው በስንጥቆቹ በመሆኑ ነው። አንዱ ጉድጓድ በሰከንድ 40 ሊትር ሲሰጥ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ የተቆፈረው ደረቅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ መጀመሪያ በክልሉ ውሃ ቢሮ ያሉትን የድሮ ጉድጓዶች ሰነድ ሰብስቡ፤ ቀጥሎ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ሰፊውን አካባቢ ይይ እንጂ የማዘጋጃ ቤቱን ወሰን ብቻ አይዙር፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ዳሰሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየለቀቁ ከሥር ያለውን ዓለት መመርመር፣ ይደረግ፤ በመጨረሻም የሙከራ ጉድጓዶች ይቆፈሩ። ቢያንስ ለ72 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተሳበ ይፈተን፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚመለስም ይመዝገብ። በፈተናው ወቅት አጎራባች ጉድጓዶችን ለኩ። የእነርሱ ውሃ ከወረደ ሁለቱ ጉድጓዶች ከአንድ ማሰሮ እየጠጡ ነው፤ አሥር ጉድጓድ በአንድ ማሳ ላይ ማስፈር አይቻልም ማለት ነው። ተቋራጩ «24 ሰዓት ይበቃል» ሲላችሁ አትስሙት። ፈተናውን ማሳጠር የሚጠቅመው እርሱን ብቻ ነው።

መጠኑ በቂ ሲሆን ጥራቱን ሳያዩ የሚቸኩሉ አሉ። በስምጥ ሸለቆ ያላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ፍሎራይድ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ያልፋሉ፣ ውጤቱም በሕፃናት ጥርስ ላይ፣ ሲበዛም በአጥንት ላይ ይታያል። በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ወይም በተቃጠለ አጥንት የሚያጣሩ ዘዴዎች በመንደር ደረጃ ተሞክረዋል፤ ለከተማ ግን በየቀኑ ኬሚካል፣ ዝቃጭና ክትትል የሚጠይቅ ሸክም ነው። አዳማ መፍትሔውን ያገኘችው ከቆቃ ግድብ በታች የአዋሽን ወንዝ እያጣራች በመጠጣት ነው። ፍሎራይዱ ከወሰኑ ትንሽ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ከሌላ ምንጭ ጋር መቀላቀል ይቻላል።

ድሬዳዋ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። ከከተማዋ ሥር ያለው ውሃ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች በሚወርድ ናይትሬት ተበክሏል። የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ውሃ በማፍላትም አይወገድም፣ እንዲያውም ይወፍራል። ስለዚህ የጉድጓድ ማሳችሁን፣ ማለትም ጉድጓዶቹ በአንድነት የሚቆፈሩበትን ቦታ፣ ከተማዋ ከምትስፋፋበት አቅጣጫ ወደ ላይ፣ ማለትም የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ከተማ ከሚፈስበት ወገን አድርጉ። ዛሬ የእርሻ ማሳ የሆነው ቦታ ከአሥር ዓመት በኋላ ሰፈር ነው።

የመጨረሻው ምርጫ የሚመዘነው በግንባታ ወጪ ብቻ አይደለም። የ20 ዓመት የመብራት፣ የኬሚካልና የጥገና ወጪ ሲደመር ሩቅ ያለ ግን ከከተማዋ ከፍ ብሎ በራሱ ክብደት የሚወርድ ምንጭ፣ ቅርብ ካለ ጥልቅ ጉድጓድ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቢቻል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ይኑሩ፤ አንዱ ሲበላሽ ከተማዋ በግማሽም ቢሆን እንድትጠጣ።

6. በምንጩ ዙሪያ ካለው ሰው ጋር ተስማሙ

በሥዕል ላይ የማይታየው ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የጉድጓድ ማሳው ያለው በገጠር ቀበሌ ነው፤ መስመሩ በአርሶ አደር ማሳ ያልፋል፤ ውሃው ግን ለከተማ ነው። ቧንቧው በበሩ እያለፈ እርሱ ከወንዝ የሚቀዳ ገበሬ መስመሩን ቢሰብረው ማንም አይገረም። በመስመሩ ላይ ላሉ መንደሮች የሚሰጠው ውሃ ከመጀመሪያው በፍላጎት ስሌቱ ውስጥ ይግባ። ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚለው መለኪያ ለእነዚህ መንደሮች የሚወስደው መጠን ከከተማዋ ፍላጎት አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚያስገኘው ሰላም ግን ትልቅ ነው። ካሳውን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ክፈሉ። የስምምነቱን ቃለ ጉባኤ የቀበሌው ሽማግሌዎች ባሉበት አስፈርሙ።

በዙሪያው የሚቆፈሩ የግል ጉድጓዶችም አሉ። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት እንዲህ ያለ የውሃ አጠቃቀም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ሰጪው አካል ከማሳችሁ አጠገብ ለሆቴል ወይም ለፋብሪካ ከመፍቀዱ በፊት እንዲጠይቃችሁ በደብዳቤ አሳውቁት።

7. መስመር፣ ማጠራቀሚያና መሬት

ይህ ክፍል የመሐንዲሶች ነውና በአጭሩ ልለፈው። ማጠራቀሚያ በጥቅሉ የከፍተኛውን ቀን ፍላጎት አንድ ሦስተኛ ይያዝ፤ ለምሳሌዋ ከተማችን በመጨረሻው ዘመን 5,400 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ በሦስት ወይም በአራት ተከፍሎ በየጊዜው የሚሠራ። ከፍታ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ በተራራ ላይ የተሠራች ከተማ በአንድ ማጠራቀሚያ ከተመገበች ታች ያለው ሰፈር ቧንቧው ይፈነዳል፣ ላይ ያለው ይጠማል። የግፊት ክልሎችን ለዩ።

መሬቱን ግን ዛሬ ያዙ። ለወደፊት ማጠራቀሚያ የሚሆኑ ኮረብታዎችና ለዋና መስመሮች የሚሆኑ ጎዳናዎች በከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ላይ ይመዝገቡ። ያለዚያ ኮረብታው ለሎጅ ይመራል። መንገድ፣ ኮብልስቶን ወይም ኮሪደር ልማት ሲመጣ ደግሞ መስመሩን ቀድማችሁ ቅበሩ። ቧንቧውን ለ20 ዓመት በሚበቃ የውስጥ ስፋት ቅበሩ፤ ፓምፑን ግን ለ10 ዓመት ብቻ ግዙ፣ እስከዚያው መለወጡ አይቀርምና።

8. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የግንባታው ካፒታል ከክልል በጀት፣ ከለጋሾች ወይም ከውሃ ሀብት ልማት ፈንድ በብድር ሊመጣ ይችላል። ብድር ከሆነ ከታሪፍ ይመለሳል፤ የአገሪቱ ፖሊሲም የከተማ ውሃ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ይጠይቃል። ስለዚህ የታሪፍ ጥናቱ ከምህንድስና ጥናቱ ጋር አብሮ ይሠራ። ውሃውን በአጠቃላይ 250 ሜትር ለሚገፋ ሥርዓት መብራት ብቻ በሜትር ኩብ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህንና ክሎሪኑን፣ ደመወዙን፣ የፓምፕ መተኪያውን የማይሸፍን ታሪፍ የሚቀጥለውን ብልሽት ከወዲሁ ያዘጋጃል። መተኪያ ፓምፕ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ አንዱ ሳይቃጠል ሌላው መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ።

የቦርድ ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ ከንቲባው ስለሆነ ታሪፍ ማሻሻል ያስፈራል። ድሃውን እንጎዳለን የሚለው ክርክር ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ቧንቧ የሌለው ቤተሰብ አንድ ጀሪካን በ10 ብር ከጋሪ ላይ ከገዛ አንድ ሜትር ኩብ 500 ብር አስወጥቶታል። ለድሃው የሚበጀው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትር ኩቦች በዝቅተኛ ዋጋ አድርጎ ብዙ የሚጠቀመውን ከፍ ማድረግ፣ የማስገቢያ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ መቀበልና ቦኖዎችን በሥራ ላይ ማቆየት ነው።

9. ቀጣዩን ሥራ የሚያስጀምረውን መስመር አስምሩ

አሁን ወደ 7 በመቶው እንመለስ። አዲስ ምንጭ ከጥናት እስከ ቧንቧ ድረስ ገንዘብ ማፈላለግን፣ ጨረታን፣ የካሳ ጭቅጭቅንና የውጭ ምንዛሪ ወረፋን ጨምሮ ስድስት ዓመት ይፈጃል ብለን እንያዝ። ፍላጎት በዓመት 7 በመቶ ካደገ በስድስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ይጨምራል። ስለዚህ ፍላጎታችሁ ካላችሁ አቅም ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ከተማው ጠግቦ እየጠጣ ባለበት፣ ማንም ሳያማርር፣ ቀጣዩ ሥራ መጀመር አለበት።

የምሳሌ ከተማችን ብክነቷን ወደ 20 በመቶ ካወረደች በኋላ እንኳ ከ75 ሊትር 65ቱን ትፈልጋለች፤ 87 በመቶ ላይ ናት። ብክነት መቀነሱ የገዛላት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ፈረቃ ስለጠፋ እፎይ ያለች ከተማ ዘግይታለች። የሚመከራት ፍሳሽ እየደፈነች በእነዚያ ሁለት ዓመታት በሦስቱ ላይ አራተኛውን ጉድጓድ መጨመር፣ ጎን ለጎን ደግሞ የትልቁን ምንጭ ጥናት ማስጀመር ነው። ሁለቱን በተራ ለማድረግ ጊዜ የለም።

የመነሻ መስመሩን በቦርድ ውሳኔ አጽድቁት፦ «ፍላጎት የአቅም 67 በመቶ ሲደርስ የቀጣዩ ምዕራፍ ጥናት በጀት ይያዛል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በየዓመቱ ሰኔ ውስጥ፣ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት፣ የዓመቱን ምርት፣ ብክነት፣ የጉድጓድ ከፍታና የደንበኛ ብዛት በአንድ ገጽ ላይ አውጥታችሁ ከዕቅዱ ጋር አስተያዩት። ፋብሪካ ሲመጣ ወይም ወሰን ሲሰፋ ሰኔን አትጠብቁ፣ ያኔውኑ አስሉት።

10. ሰነዱን አስቀምጡ

ኃላፊ ሲዛወር ፍላሽ ዲስኩም አብሮት ይዛወራል። ተቋራጭ የመጨረሻ ክፍያውን ከመውሰዱ በፊት የየጉድጓዱን የቁፋሮ ሰነድ፣ የፓምፕ ሙከራ ውጤቱን፣ የመስመሮቹን በትክክል የተቀበሩበትን ካርታና የፓምፖቹን መመሪያ ተረከቡ። አንድ ቅጂ በአገልግሎቱ መዝገብ ቤት፣ አንድ በከተማው ፕላን ክፍል፣ አንድ በክልሉ ውሃ ቢሮ ይቀመጥ። የከፍታ መለኪያ ደብተሩም በርክክብ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ አዲሱ ኃላፊ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ፈርሞ ይረከበው።